«ከነቫቱ ነው ያለ ቫት?»፦ የሽያጭ ታክስ በየአገሩ የሚለያየው በምኑ ነው?

ደሴ ውስጥ የግንባታ ዕቃ ወይም የቤት ኤሌክትሮኒክስ ለመግዛት ዋጋ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ መልስ ከማግኘቱ በፊት እሱ ራሱ ይጠየቃል፦ «ከነቫቱ ነው ያለ ቫት?» ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ መኖሩ ስለተለመደ ጥያቄው ማንንም አያስገርምም። ቆም ብለው ሲያስቡት ግን እንግዳ ነገር ነው። ገዢ እንደ ቀለምና እንደ መጠን የሚመርጠው ታክስ በሕግ ውስጥ የለም።

ከ2016 ዓ.ም. መገባደጃ ወዲህ በከተማው ስለ ቫት የሚወራው በርክቷል። አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 የወጣውና የብር የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ የተለቀቀው በአንድ ክረምት በመሆኑ፣ በመደርደሪያ ላይ የታየው ጭማሪ ሁሉ «ቫት ጨመረ» በሚል አንድ ስም ተጠርቷል። የቫት ምጣኔ ግን በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል 15 በመቶ ነበር፤ ዛሬም 15 በመቶ ነው። በዚህ ላይ ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር የሠራ ወይም የሚሠራ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና ንጽጽሩ ተከትሎ ይመጣል፦ «ዱባይ ታክስ የለም»፣ «ሳውዲ ይህን ያህል አይከፈልም»፣ «አሜሪካ እኮ ከእኛ ግማሹ ነው»። ከእነዚህ አባባሎች አንዳንዱ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ አንዳንዱም ግማሽ እውነት ነው። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ግን በመቶኛ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ይዘው መሄዳቸው ነው።

ቁጥሩ የሚደብቀው

ኢትዮጵያ 15 በመቶ ታስከፍላለች። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 15 በመቶ፣ ኒውዚላንድም 15 በመቶ። ሳውዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በ5 በመቶ ጀምራ በሐምሌ 2020 ወደ 15 በመቶ አሳደገችው፤ ስለዚህ ጅዳ ውስጥ የሚገዛ ሰው የሚጣልበት ምጣኔ ደሴ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስም ከ2018 ወዲህ 5 በመቶ ስለምትሰበስብ «ዱባይ ታክስ የለም» የሚለው የቀድሞ ዘመን ወሬ ነው። ከላይ ያለው ጫፍ የሃንጋሪ ነው፤ 27 በመቶ። ኬንያ 16፣ ናይጄሪያ 7.5፣ ጃፓን 10 በመቶ ላይ ናቸው።

በብዙዎቹ አገሮች ታክሱ በዋጋው ውስጥ ገብቶ ስለሚለጠፍ ሸማቹ መክፈሉን እንኳ ልብ አይለውም። እኛ ዘንድ ግን «ሲደመር ቫት» እየተባለ ለብቻው ይነገራል። ለብቻው የሚነገር ነገር ደግሞ የሚቀነስ ይመስላል፤ የሁለቱ ዋጋ ልማድ ግማሽ ምክንያት ይህ አነጋገር ሳይሆን አይቀርም።

15 በመቶ የሚሉት አራቱ አገሮችም አንድ ዓይነት ታክስ አያስከፍሉም። ኒውዚላንድ ዳቦውንም ወተቱንም ጨምራ ሁሉንም ማለት ይቻላል ትታክሳለች። ደቡብ አፍሪካ ቡናማ ዳቦንና የበቆሎ ዱቄትን የመሳሰሉ ምግቦችን ለይታ ታወጣለች። ኢትዮጵያ ትምህርትና ሕክምናን ነፃ ታደርጋለች። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ያረፈበት ነገር የተለያየ ነው። ከዚህም በላይ ዋናው ልዩነት ታክሱ ከማን እጅ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ ይሰበሰባል የሚለው ነው።

የአንድ አንሶላ መንገድ

ቫት የሚለው ስም የ«ተጨማሪ እሴት ታክስ» የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው። ተጨማሪ እሴት ማለት አንድ ነጋዴ በገዛበትና በሸጠበት ዋጋ መካከል የጨመረው ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1954 በአገር ደረጃ የጀመረችው ፈረንሳይ ስትሆን ቀማሪው ሞሪስ ሎሬ የተባለ የታክስ ባለሥልጣን ነበር። ዛሬ ከ170 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል።

አሠራሩ በምሳሌ ይሻላል፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተመረጡ ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ የተሸመነ አንሶላ ከፋብሪካ በ400 ብር ይወጣል እንበል። ፋብሪካው 60 ብር ቫት ጨምሮ ለጅምላ ነጋዴ በ460 ይሸጣል፤ 60ውን ለታክስ ባለሥልጣን ያስገባል። አንሶላው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። ጅምላ ነጋዴው 100 ብር ጨምሮ በ500 ብርና በ75 ብር ቫት ለቸርቻሪ ይሸጣል። ከሰበሰበው 75 ላይ ለፋብሪካው የከፈለውን 60 ቀንሶ የሚያስገባው 15 ብር ብቻ ነው። ቸርቻሪውም 100 ብር ጨምሮ በ600 ብርና በ90 ብር ቫት ይሸጣል፤ 75ቱን አቀናንሶ 15 ብር ያስገባል። 60፣ 15 እና 15 ሲደመሩ 90 ይሆናሉ፤ ይህም የመጨረሻው ዋጋ 15 በመቶ ነው። ታክሱን የተሸከመው በ690 ብር የገዛው ሸማች ሲሆን ሦስቱ ነጋዴዎች በየደረጃው የሰበሰቡለት ናቸው።

ነጋዴው አስቀድሞ የከፈለውን የሚቀንሰው ደረሰኝ ሲኖረው ነው። ጅምላ ነጋዴው ከፋብሪካው ደረሰኝ ካልተቀበለ 60 ብሩ ኪሳራው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገዢ ሻጩን ደረሰኝ የሚጠይቅበት የራሱ ጥቅም አለው፤ የቫት አሳቢዎች በጣም የሚኮሩበት ነጥብም ይህ ነው። ችግሩ ሰንሰለቱ የመጨረሻው ሰው ላይ ሲደርስ ነው፤ አንሶላውን አልጋው ላይ የሚያነጥፈው ሸማች የሚያቀናንሰው ነገር ስለሌለው ደረሰኝ ለእሱ ተራ ወረቀት ነው። ታይዋን ይህን ቀዳዳ ለመድፈን እ.ኤ.አ. በ1951 የደረሰኝ ቁጥሮችን የሎተሪ ዕጣ አደረገች፤ ዕጣው እስከ ዛሬ ይወጣል። ኢትዮጵያ የመረጠችው ከ1999 ዓ.ም. ደንብ በኋላ የመጣውን የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ነው። አንደኛው መንገድ ገዢውን በተስፋ ይስባል፣ ሌላኛው ሻጩን በቅጣት ይይዛል።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

አሁን ወደ ደሴው ጥያቄ እንመለስ። «ያለ ቫት» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው፣ ቸርቻሪው ሽያጩ አነስተኛ ስለሆነ ለቫት ያልተመዘገበ ነው። ይህ ሕጋዊ ነው። ከጅምላ ነጋዴው በ575 ገዝቷል፤ 75 ብሩን የሚያቀናንስበት መንገድ ስለሌለው ወጪው ውስጥ ገብቷል፤ 100 ብር ትርፍ ጨምሮ በ675 ይሸጣል። ገዢው ከተመዘገበው ነጋዴ ጋር ሲያነጻጽር የተረፈው 15 ብር ብቻ ነው። 90 ብር ታክስ ያመለጠ ይመስለዋል እንጂ 75ቱን ሳያየው ከፍሎታል።

ሁለተኛው ቸርቻሪው ተመዝግቦ ሳለ ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ ነው። በ600 ቢሸጥ ለገዢው 90 ብር «ቀነሰለት» ይባላል። ግን ያው ነጋዴ ሲገዛ የከፈለውን 75 ብር በሌላ ሽያጩ ላይ ማቀናነሱን አይተውም። ስለዚህ ፋብሪካውና ጅምላ ነጋዴው ያስገቡት ገንዘብ በሌላ በር ይወጣል፤ ከአንሶላው ወደ መንግሥት ካዝና የገባው ዞሮ ዞሮ ዜሮ ነው። ቅናሹን የሰጠው ነጋዴው ሳይሆን የሕዝብ ካዝና ነው።

ሦስተኛው በብዛት የማይነገረውና በእኔ ግምት ዋጋን ይበልጥ የሚጎዳው ነው፤ ሰንሰለቱ መሐል ላይ ሲበጠስ። ያልተመዘገበው ጅምላ ነጋዴው ነው እንበል። በ460 ገዝቶ በ560 ይሸጣል፤ የቫት ደረሰኝ መስጠት አይችልም። የተመዘገበው ቸርቻሪ 100 ብር ጨምሮ 660 ላይ ሲደርስ በሙሉው ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 99 ብር ይጥላል። ዋጋው 759 ብር ሆነ። ሰንሰለቱ ቢሟላ 690 ነበር። ፋብሪካው ያስገባው 60 ብር ሳይቀናነስ ታክስ ስለተጣለበት የተከፈለው ታክስ 159 ብር ደርሷል፤ ከ600 ብሩ ሲሰላ 26.5 በመቶ ነው። ሕጉ 15 በመቶ ይላል፣ ገዢው 26.5 ከፈለ፣ በመሐሉ ደግሞ ማንም ሕግ አልጣሰም።

ይህ ታክስ በታክስ ላይ መደራረብ የድሮ በሽታ ነው። ጀርመን እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ድረስ በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ሳይቀናነስ የሚጣል ታክስ ነበራት። ዕቃ እጅ በቀየረ ቁጥር ታክስ ስለሚጨምር ትልልቅ ድርጅቶች ከጥሬ ዕቃ እስከ ሽያጭ ያለውን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር መጠቅለል ያዋጣቸው ነበር፤ ትንንሾቹ ሸክሙን ተሸከሙ። በእኛም አገር ከቫት ጋር አብሮ የወጣው የተርን ኦቨር ታክስ፣ ማለትም ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ የሚሰላው ታክስ፣ ለዕቃዎች 2 በመቶ ብቻ ተብሎ ሲወሰን ቀላል መስሎ ነበር። የማይቀናነስ መሆኑ ግን ያው ባሕርይ ነው።

የአሜሪካው መንገድ

አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ ቫት የላትም። ያለው የክልሎች የችርቻሮ ሽያጭ ታክስ ነው። ከ50ዎቹ 45ቱ ያስከፍላሉ፤ ኦሪገን፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸርና ዴላዌር አያስከፍሉም፤ በአላስካ የክልሉ ባይኖርም አንዳንድ ከተሞች የራሳቸውን ይጥላሉ። የካሊፎርኒያ መነሻ 7.25 በመቶ ሲሆን አካባቢዎች በላዩ ይጨምሩበታል። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ታክሱን ስለማይጨምር ገዢው ትክክለኛውን ሒሳብ የሚያውቀው ገንዘብ ተቀባዩ ፊት ነው።

በዚህ ዘዴ አንሶላውን የሸመነው ፋብሪካና ጅምላ ነጋዴው ምንም አያስገቡም። መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ነጋዴ የምስክር ወረቀት ያሳይና ያለ ታክስ ይገዛል። ሙሉው ታክስ በመጨረሻው ሻጭ እጅ ይሰበሰባል። ማቀናነስ የለ፣ ተመላሽ የለ፤ ለነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ይህ እፎይታ ነው። ቫት ባለባቸው አገሮች ላኪዎች ተመላሽ ገንዘባቸውን ለመቀበል የሚጠብቁት ጊዜ የዘወትር እሮሮ ስለሆነ፣ የአሜሪካውን ቀላልነት የሚያደንቁ ሰዎች ያለ ምክንያት አይደለም።

ያን ዘዴ አምጥተን ሰኞ ገበያ ላይ እናስቀምጠው። ቸርቻሪው ደረሰኝ ካልቆረጠ ከአንሶላው አንድ ብር አይሰበሰብም፤ ከፋብሪካው በር ላይ የተያዘ ነገር የለምና። በቫት ግን ቸርቻሪው ያልተመዘገበ ቢሆን እንኳ ከ90ው 75ቱ አስቀድሞ ገብቷል። ኮምቦልቻ ላይ ያሉ ፋብሪካዎች ጥቂትና የሚታዩ ናቸው፤ የደሴ ሱቆች ግን እልፍ ናቸው። ለታክስ ሰብሳቢ ጥቂት ትልልቆችን መከታተል እንደሚቀል ግልጽ ነው። የችርቻሮ ታክስ ምጣኔው ከፍ ሲል ለማምለጥ የሚገፋፋውም እንዲሁ ይጨምራል፤ የአሜሪካ ምጣኔዎች ዝቅ ብለው መቆየታቸውን ብዙ ባለሙያዎች ከዚህ ጋር ያያይዙታል። የርቀት ንግድ ሲመጣ ደግሞ ሻጩ በክልሉ ውስጥ ከሌለ ማን ይሰብስብ የሚለው ለዓመታት አከራክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልሎች ከሩቅ ሻጮችም ማስከፈል ይችላሉ ብሎ ወስኗል። የእኛም አዲሱ አዋጅ ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚሸጡ አገልግሎቶችን በታክሱ ውስጥ አስገብቷል።

ሁለት ዓይነት «ነፃ»

በየዕለቱ ንግግር ታክስ የማይታይበት ዕቃ ሁሉ «ነፃ» ነው። በሕጉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ልዩነታቸው ኪስ ውስጥ ይገባል።

ከታክስ ነፃ የሆነ ሻጭ ከገዢው ቫት አይቀበልም፤ ሲገዛ የከፈለውንም አይመለስለትም። የግል ክሊኒክ ይህን ይመስላል። ታካሚው ቫት አይጠየቅም፤ ክሊኒኩ ግን ለጠረጴዛው፣ ለኮምፒውተሩ፣ ለሕንፃው ጥገና የከፈለው ቫት ወጪ ሆኖ በካርድና በምርመራ ዋጋ ውስጥ ይቀመጣል። በዜሮ ምጣኔ የሚታከስ ሻጭ በአንጻሩ በ0 በመቶ ይሸጣል፤ ሲገዛ የከፈለው ግን ተመላሽ ይደረግለታል። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ የሚስተናገደው በዚህ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሰፍቶ የሚላክ ልብስ የኢትዮጵያን ቫት ይዞ ከወጣ በተቀባዩ አገር ሌላ ታክስ ሲጨመርበት ዋጋው ከገበያ ውጪ ይሆናል። ዕቃው የሚታከሰው በሚበላበት ወይም በሚለበስበት አገር ነው የሚለው መርህ ቫት ባላቸው አገሮች ሁሉ የጋራ ነው።

ስለዚህ ደቡብ አፍሪካ ቡናማ ዳቦን በዜሮ ምጣኔ ስታደርገው ጋጋሪው የከፈለው ቫት ይመለሳል፤ ዳቦው በእርግጥ ከታክስ ይጠራል። ዳቦው ነፃ ብቻ ቢባል ኖሮ ከፊሉ ታክስ ሊጡ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀር ነበር።

ድሃን ለመጠበቅ ወይስ ጠበቃን ለማበልጸግ?

የሽያጭ ታክስ ላይ የሚነሳው ዋና ተቃውሞ ፍትሐዊነቱ ነው። ወር በገባ ገቢውን ሁሉ ለምግብና ለሳሙና የሚያወጣ ሰው ከገቢው ላይ የሚከፍለው ድርሻ፣ ግማሹን ከሚቆጥበው ሰው ይበልጣል። አገሮች መልስ ያሉት ሁለት ነው።

አንዱ ወገን አስፈላጊ ዕቃዎችን ለይቶ ማውጣት ነው፤ ሐሳቡ ለሰሚ ጆሮ ይስማማል፤ ድንበሩን ማስመር ግን ያስቸግራል። ብሪታንያ ምግብን በአብዛኛው በዜሮ ምጣኔ ትታክሳለች፤ ኬክም በዚህ ይካተታል። በቸኮሌት የተሸፈነ ብስኩት ግን ሙሉውን ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፋ ኬክ የሚባለው ጣፋጭ ኬክ ነው ወይስ ብስኩት በሚል ጉዳዩ የታክስ ችሎት ደርሶ ኬክ ነው ተብሎ ተወሰነ። ከቀረቡት ነጥቦች አንዱ ሲቆይ ኬክ ይደርቃል፣ ብስኩት ግን ይለሰልሳል የሚል ነበር። ጃፓን ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ምጣኔውን 10 በመቶ ስታደርግ ምግብን 8 ላይ አስቀረችው፤ ምግብ ቤት ተቀምጦ የሚበላ ግን 10 ነው። አንድ ሳህን ምግብ ይዞ በሚወጣና በሚቀመጥ ሰው መካከል ታክሱ ይለያያል። ሕንድ በ2017 እ.ኤ.አ. ከጀመረቻቸው 5፣ 12፣ 18 እና 28 በመቶ እርከኖች ጋር ስምንት ዓመት ስትታገል ቆይታ በ2025 ዋናዎቹን ወደ 5 እና 18 ሰብስባ ለቅንጦትና ለጎጂ ዕቃዎች 40ን ለየች። እንዲህ ያለው ክርክር እኛ ዘንድ ቢመጣ በርበሬ ሲሸጥ ዛላው፣ ድልሁና በፌስታል የታሸገው የባልትና ውጤት በየትኛው መስመር ይቁሙ የሚለው ብቻውን ብዙ ስብሰባ ይበላል።

ሌላው ወገን የኒውዚላንድ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ምጣኔ ታክሶ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ድሃውን በቀጥታ መደገፍ። ክርክራቸው ቀላል ነው፤ ሥጋ ከታክስ ነፃ ቢሆን ብዙ ሥጋ የሚገዛው ሀብታሙ ስለሆነ በብር የበለጠ የሚጠቀመውም እሱ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን ድጋፉ በየወሩ ወደ ድሃው እጅ የሚደርስበት አስተማማኝ መንገድ ከሌለ ታክሱ ይሰበሰባል፣ ካሳው ወረቀት ላይ ይቀራል። እንዲህ ባለ አገር ጥቂት ዕቃዎችን መለየት የማይሸሽ ይመስለኛል፤ ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ግን ከድሃው ይልቅ አስመጪው ይጠቀማል።

በሁለቱ መካከል ያለ ዘዴም አለ። በአዲሱ የኢትዮጵያ ሕግ ኤሌክትሪክና ውሃ ከተወሰነ ወርሃዊ ፍጆታ በላይ ቫት ይከፈልባቸዋል፤ ከዚያ በታች ነፃ ናቸው። ዕቃውን ሳይሆን መጠኑን መለየት ነው። ድክመቱ ቆጣሪ የሚጋሩ ተከራዮች ናቸው፤ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም በወረቀት ላይ እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ይታያል።

ከጅቡቲ እስከ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ

ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ «ቫት» የሚባለው በእውነቱ የታክሶች ክምር ነው። የጉምሩክ ዋጋው፣ ማለትም ዕቃው ከነመድንና ከነማጓጓዣው፣ 1,000 ብር ሆኖ 20 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት 1,200 ይሆናል። ቫት የሚሰላው በ1,200ው ላይ ነው፤ 180 ብር። ሱር ታክስ የሚባለው 10 በመቶ ደግሞ በ1,380ው ላይ ይሰላል፤ 138 ብር። ድምሩ 518 ብር ሲሆን የቫት ድርሻ ከሲሶ ትንሽ ይበልጣል። እንደ መኪና ባሉ ዕቃዎች ላይ በመሐሉ ኤክሳይዝ ታክስ፣ ማለትም መንግሥት ፍጆታው እንዲቀንስ በሚፈልጋቸው ወይም ቅንጦት ብሎ በለያቸው ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ታክስ፣ ስለሚገባ ክምሩ ይረዝማል። ሳውዲ ያለ ዘመድ የስልክ ዋጋ ልኮ ሲያወዳድር የሚያወዳድረው 15ን ከ15 ጋር መስሎት ነው፤ ልዩነቱ ግን ከቫት በፊትና በኋላ ያሉት ናቸው።

የምንዛሪው ነገር እዚህ ይገባል። ዶላር በ57 ብር ገደማ ሳለ የጉምሩክ ዋጋው 100 ዶላር የሆነ ቀረጥ የሌለበት ዕቃ 855 ብር ቫት ይከፍል ነበር። ዶላር 100 ብር ሲደርስ ያው ዕቃ 1,500 ብር ይከፍላል። ምጣኔው አልተነካም፤ የተለወጠው የሚባዛበት ቁጥር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ኮንቴይነር ያስለቀቀ ነጋዴ «ታክሱ በእጥፍ ሊጨምር ምን ቀረው» ሲል አልተሳሳተም፤ ከአዋጁ ጋር ሲያያይዘው ግን ተሳስቷል።

የሁለት ሚሊዮኑ ድንበር

አዲሱ አዋጅ ለቫት የመመዝገቢያውን የዓመት ሽያጭ ድንበር 2 ሚሊዮን ብር አድርጎታል። ሕጉ በ1995 ዓ.ም. ሲጀምር 500 ሺህ ነበር። ድንበሩ አራት እጥፍ መሆኑ ለትንንሽ ነጋዴዎች የተደረገ ቅለት ይመስላል፤ የዕቃ ዋጋ በእነዚያ ዓመታት ከአራት እጥፍ በላይ ስለናረ ግን በዕቃ ሲለካ ድንበሩ ዝቅ ብሏል። በቀን 6,000 ብር የሚሸጥ ሱቅ ዓመቱን ሙሉ ከሠራ 2 ሚሊዮኑን ያልፋል፤ ዛሬ ደሴ ላይ ይህ ትልቅ ሱቅ አይደለም። ዕቃ ሳይጨምር ዋጋ ብቻ የጨመረበት ነጋዴ ሳይታወቀው ወደ ድንበሩ ይገፋል።

ከድንበሩ በታች የሚቀሩት ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል። ከላይ እንዳየነው መሐል ላይ ያለ ያልተመዘገበ ሻጭ ዕቃውን በ69 ብር ያስወድደዋል። የተመዘገበው ቸርቻሪ ይህን ሒሳብ ሲያሰላ ደረሰኝ ከሚሰጠው አቅራቢ ብቻ መግዛት ይጀምራል። ሆቴሎች፣ ተቋራጮችና ደረሰኝ የግድ የሚላቸው መሥሪያ ቤቶች ወዲያ ይሄዳሉ። ያልተመዘገቡት እርስ በርሳቸውና ከመጨረሻው ሸማች ጋር ይገበያያሉ፤ ገበያው በአንድ ከተማ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። አነስተኛው ጅምላ ነጋዴ በዚህ መሐል ያለው ምርጫ ድንበሩ ሳይደርስ በፈቃዱ ተመዝግቦ የሒሳብ መዝገብና መሣሪያ መያዝ፣ አለዚያም ትልልቆቹን ደንበኞቹን አጥቶ በችርቻሮ መወሰን ነው።